ስስ ሽፋን፣ ሁለት ገንዳ

ሰኞ፣ ጥር 6

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ገንዳ ሀ አምስት ነጥብ ሦስት ሚሊ ሜትር ጎደለ። ገንዳ ለ ስድስት። እንደ ትናንቱ። ከትናንት በስቲያም እንዲሁ። ሀ ላይ የዶክተሩ ዱቄት አለ፤ ለ ባዶ ውሃ ነው። በዱቄቱ ከትነት የዳነው እንግዲህ አሥራ ሁለት ከመቶ።

ዶክተሩ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። አለቃዬ ነው። ዕድሜው የኔን ግማሽ አይሞላም። ጫማው ከጭንቅላቱ በላይ ያበራል።

«ጋሼ፣ ሃያ አምስት ካልደረሰ እኮ የከተማው ውሃ ኮሚቴ አይሰማንም።»

«ውሃውን ላስፈራራው?»

ሳቀ። የገባው አይመስለኝም።

የከተማው ግድብ እየጎደለ ነው። ዝናቡ ገና ሩቅ ነው። ዱቄቱ ከሠራ ውሃው እስከ ዝናቡ ይደርሳል፤ ካልሠራ ፈረቃ ይመጣል። ይኸው ነው ነገሩ። ሰም የመሰለ ነጭ ዱቄት… ውሃ ላይ ሲነሰነስ አይሟሟም፣ ይዘረጋል። አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ይጸየፋል። የሚወደውን ነክሮ፣ የሚጸየፈውን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቆማል። ውፍረቱ አንድ ሞለኪውል። በእነዚያ ትከሻዎች መሃል ውሃ ሾልኮ መትነን ይቸግረዋል።

ለታናሽ እህቴ አስረዳኋት። «ወተት ላይ እንደሚቀመጠው ስልባቦት ነው በለኛ» አለች። ተውኩት። ለማን ይነገራል?


ረቡዕ፣ ጥር 8

በጀልባ ግድቡ ላይ ወጣን። ዶክተሩ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ… ውሃው ወገብ በማይደርስበት ቦታ። ዱቄቱን በወንፊት ነሰነሰ።

ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ ያስቸግራል። ሲንቀጠቀጥ የነበረው ውሃ ዝም አለ። ከጀልባው ሥር የጀመረ ልስላሴ እየሰፋ ሄደ፣ እንደተተኮሰ ጨርቅ። ዳር ዳሩን ትንንሽ ሞገዶች ይዘላሉ፤ ውስጡ ጸጥ። ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ስለካ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ለዶክተሩ አልነገርኩትም። ደስታዬን ለሱ ሰጥቼ ምን ላተርፍ?

«አዩ ጋሼ? አዩት?» ይላል። ስልኩን አውጥቶ ራሱን ያነሳል። ውሃው ከጀርባው።

እኔ የሙከራ ዘይቴን አወጣሁ። ንጹሕ ውሃ ላይ ጠብታዋ ስትወድቅ በአንዴ ትዘረጋለች፣ ቀለም ታወጣለች፣ ትጠፋለች። ሽፋን ካለ ግን ቦታ አታገኝም፤ ተኮማትራ እንደ ምስር ትቀመጣለች። ምስር ሆና ተቀመጠች። ሽፋኑ አለ።

ነፋስ ተነሣ። ሽፋኑን እየገፋ ወደ ማዶ ወሰደው። ዳሩ ላይ ተጨመደደ፣ ተጣጠፈ፣ ነጭ እድፍ ሆነ።

«ነገ ደግመን እንነሰንሳለን» አለ።

ነገ። ከነገ ወዲያም። ነፋስ የሚባል ነገር እንዳለ የተማረበት ቦታ አልነገሩትም መሰለኝ።


ዓርብ፣ ጥር 17

የዘበኛው ነገር።

ሻለቃ ይሉታል። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ሲሄድ ደረቱን ስለሚነፋ ነው። ቀኑን ሙሉ በሁለቱ ገንዳዎች መሃል ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ጸጉሩ በቅባት ርሷል። ምን እንደሚጠብቅ እግዜር ይወቅ። ውሃ ማን ይሰርቃል?

ዛሬ ገንዳ ለ ላይ ጠብታ ጣልኩ። ምስር! ባዶ መሆን ያለበት ውሃ ላይ።

«ሻለቃ፣ እጅህን እዚህ ከተሃል?»

«ፊቴን ታጠብኩ እንጂ ምን አደረግኩ። ሙቀት ነው እኮ ጌታዬ።»

«ፊትህን?»

«ውሃ አይደል?»

ውሃ አይደል! ለሱ ሁሉም ውሃ ነው። የግንባሩ ላብ፣ የጸጉሩ ቅባት፣ ሁሉም ገንዳው ላይ ተዘርግቶ… የአንድ ጣት ወዝ ሙሉ ገጹን እንደሚይዘው ለዚህ ሰው ማን ያስረዳዋል?

«ከዛሬ ጀምሮ ቦታህ በሩ ጋ ነው። ወደ ገንዳዎቹ እንዳትጠጋ። እንዳታይም።»

«እንዳላይም?»

«እንዳታይም።»

ሄደ። ከኋላው ሳየው ደረቱ አልተነፋም። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ አልጠየቅኩም። ገንዳ ለን ባዶ አድርጌ አጠብኩ፣ ሞላሁ፣ ገጹን በወረቀት ቁራጭ ጠረግኩ። ጠብታ። ተዘረጋች። አሁን ውሃ ሆነ።


ሰኞ፣ ጥር 20

ሀ አምስት ነጥብ ሦስት። ለ ሰባት ነጥብ አንድ! ሃያ አምስት ከመቶ። ሁለቴ ለካሁ።


ማክሰኞ፣ ጥር 28

ሰባት ቀን ሙሉ። ሀ ያው ነው፤ ለ ሰባት ነጥብ ሰባት ላይ ቆመ። ሠላሳ አንድ ከመቶ።

ግልጽ ነው። ለ በሻለቃ ወዝ ተሸፍኖ ነበር፤ እሱም ራሱ ሳያስበው ትነትን ይገታ ነበር። ሁለት የተሸፈኑ ገንዳዎች ሳነጻጽር ኖሬአለሁ ማለት ነው። አሁን ንጹሕና ንጹሕ ያልሆነ ተለየ። በቃ።

ለ ላይ የማለዳ ጠብታዬን አቁሜአለሁ። የሚያቆሽሸው ሰው ሄዷል። ዘይቱን ለምን አባክናለሁ?

ዶክተሩ አቀፈኝ። ሽቶው ኮቴ ላይ ቀረ።


ሐሙስ፣ የካቲት 7

ለኮሚቴው የሚቀርበውን ሪፖርት ጻፍኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። «ጥብቅ ንጽሕና ከተደነገገ በኋላ ሽፋኑ ሙሉ ዐቅሙን አሳየ።» ተደነገገ… ጥሩ ቃል ነው። ደንጋጊው ማን እንደሆነ ያወቀ ያውቃል።

እህቴ ከፊት ለፊት ባለው ክፍል የሴቶች ጸጉር ትሠራለች። ቤቱ ሁልጊዜ አረፋ አረፋ ይሸታል። ሴቶቹ ራሳቸውን ለማስዋብ የሚያፈሱት ውሃ! ማታ እራት ላይ፦

«ወንድም ጋሼ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ፈረቃ አለ የለም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ? ሁለተኛ የጸጉር መታጠቢያ ላስተክል ነው። አንዲት ልጅም ልቀጥር።»

«ቁጥር አይዋሽም።»

«አንተም አትዋሽም» አለች። ስቃ ነው ያለችው።


ረቡዕ፣ የካቲት 13

ኮሚቴው ገንዳዎቹን ለማየት መጣ። ስድስት ክራባት፣ ስድስት ቦርጭ። ሰብሳቢው ሳላስቆመው ጣቱን ገንዳ ሀ ውስጥ ነክሮ ላሰው።

«ቅባት ቅባት አይልም» አለ።

አጨበጨቡለት። ለመላስ!

አንዱ «ዓሣዎቹ አየር ያጥራቸዋል ወይ?» አለ። ሌላው «ልብስ ያጸዳል?» አለ። ዶክተሩ «ኢኖቬሽን» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ተናገረ፤ ቆጠርኩ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ «ምስጢሩ ጽዳት ነው አሉ?» አለኝ።

«ጽዳትና ጥንቃቄ» አልኩ። ድምፄ ራሴን ገረመኝ።

አጸደቁት። ፈረቃ የለም። ግድቡ በየቀኑ ይነሰነሳል። ሲሄዱ ገንዳ ሀን አፍስሼ እንደገና ሞላሁ፣ ዱቄቱንም ነሰነስኩ። ከሰብሳቢው ጣት ወዲያ ምን ይታመናል?


ማክሰኞ፣ የካቲት 19

በሥርዓቱ ልጻፍ።

ዶክተሩ ከኮሚቴ ሰዎች ጋር ቢሮዬን ለምሳ ያዘው። ተናድጄ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ወደ ገንዳዎቹ ሄጄ አላውቅም። የምለካው ጠዋት ነው። ቀን አቧራ አለ፤ መስኮቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

ገንዳ ለ ላይ እርግቦች። ሠላሳ? አርባ? ጠርዙ ላይ ተሰልፈው፣ ውስጥ ገብተው፣ ክንፋቸውን እያራገፉ። ውሃው እንደ ዝናብ ወደ ውጭ ይረጫል። መሬቱ ዙሪያውን ጭቃ ሆኗል።

ገንዳ ሀ ላይ አንድም የለም። አንዷ ሞከረች። ገባች፣ ወዲያው ዘለለች፤ ላባዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ። በእርግጥ። ሽፋኑ የውሃውን ቆዳ ያላላዋል፤ ሌላ ጊዜ ውሃ የሚያንሸራትተው ላባ ይርሳል። ወፍ አወቀችው። እኔ…

ወደ በሩ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

«ሻለቃ! እነዚህ ወፎች ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የትኞቹ?»

«ገንዳው ላይ!»

«እርስዎ ካነሡኝ ጀምሮ ነዋ። ድሮ እኔ እዚያ ስቀመጥ ማን ይጠጋል?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ጥርሱን መፋቁን አላቆመም።

«እንዳታይ አሉኝ። አላየሁማ።»


ረቡዕ፣ የካቲት 20

ላባ አይቼ ነበር። ሁለት ጊዜ። በወረቀት ጠርጌ ጣልኩት። ነፋስ ነው አልኩ።

ጭቃውስ? ጠዋት ይደርቃል… ደረቅ ቅርፊት ረግጬ ነበር። ጫማዬን ጠርጌአለሁ።

ሀ ምንም አልተለወጠም ነበር። አምስት ነጥብ ሦስት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የተለወጠው ለ ብቻ ነው፤ ትርፉ የተነነ ሳይሆን እርግቦቹ የረጩት ውሃ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያየዋል። እኔ መቶኛዋን አይቼ አበድኩ። ለ ላይ ጠብታ ብጥል ኖሮ የእርግብ ወዝ ወዲያው ይታየኝ ነበር። ጠብታዬን አቆምኩ። ለምን? የሚያቆሽሽ ሰው አንድ ብቻ ነው ብዬ ስላሰብኩ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ለን አጥቤ ሞላሁ፤ ሦስት ቀን እኩለ ቀኑን ሁሉ ገንዳዎቹ ጋ ቆምኩ። ወፍ አልወረደም። ሀ አምስት ነጥብ ሦስት፣ ለ ስድስት። አሥራ ሁለት ከመቶ። ለሦስት ቀን አንድ ዓይነት።

አሰላሁ። በአሥራ ሁለት፣ ያለ ፈረቃ… ግድቡ ከዝናቡ ሃያ ስድስት ቀን ቀድሞ ያልቃል። ሃያ ስድስት ቀን አንድም ቧንቧ አይንጠባጠብም። ፈረቃ ዛሬ ቢጀመር ይደርሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢጀመር አይደርስም።


ሰኞ፣ የካቲት 25

ለዶክተሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«መረብ እንዘርጋባቸውና ከዛሬ ጀምሮ ይስተካከላል።»

«መረብ ነፋሱን ይሰብራል። ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ደግሞ ያለፈውስ?»

«ያለፈው አለፈ ጋሼ።»

«ሃያ ስድስት ቀን እኮ ነው።»

«ዝናቡ ቀደም ሊል ይችላል።»

ይህ ሳይንሱ ነው። ዝናቡ ቀደም ሊል ይችላል! ልነግረው የፈለግኩት ብዙ ነበር፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ጃኬቱ። እሱ ግን ቀደመኝ።

«ቆይ፣ ለኮሚቴው ምን ብለው ሊጽፉ ነው? ዘበኛ ስላባረርኩ?»

በክፋት አይደለም። በርግጥ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው። ይህ ባሰብኝ።


እሑድ፣ መጋቢት 1

ሁለተኛው መታጠቢያ ተተከለ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ። እህቴ ጣቷን ጠርዙ ላይ እያስኬደች ታሳየኛለች። የተቀጠረችው ልጅ አዲስ ሽርጥ ለብሳለች።

«ፈረቃ ሊኖር ይችላል» አልኩ።

«ምን?»

«ቁጥሩ ተሳስቷል።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

ፊቴን አዞርኩ። ገባት። ቀስ ብላ እጇን ከመታጠቢያው አነሣች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሌላው ሲሳሳት ቤቱን በሳቅ ትገለብጠው አልነበር እንዴ? ያኛው ጫማ ብቻ ነው፣ ይሄኛው ቦርጭ ነው… እስኪ አሁን ሳቅ።»

ሦስት ረቂቅ ጻፍኩ።

«ባልታሰበ የአእዋፍ ጣልቃ ገብነት ምክንያት…» ጣልቃ ገብነት! እርግቦቹ ዲፕሎማት ይመስል። ቀደድኩት።

«በገንዳዎቹ አካባቢ በተደረገ የቦታ ለውጥ ምክንያት…» ማን አደረገው? ቀደድኩት።

ሦስተኛው አጭር ነው።


ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ዶክተሩ «አሞኛል» ብሎ ቀረ። እንዲህ ነው የሚታመሙት።

አነበብኩ። «ሠላሳ አንድ ስሕተት ነው። ትክክለኛው አሥራ ሁለት ነው። ዘበኛውን በንቀት ከቦታው ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሱ ሲነሣ ወፎች ወረዱ። ያላየሁት ማየት ስላልፈለግኩ ነው። ፈረቃ በዚህ ሳምንት ካልተጀመረ ውሃው ያልቃል።»

«ወፍ?» አለ አንዱ።

«እርግብ።»

ተሳሳቁ። ጣቱን የላሰው ሰብሳቢ ብቻ አልሳቀም። ሰነዱን አገላበጠ፤ ሁለቱን የቁጥር ዓምዶች በጣቱ ተከትሎ ወረደ።

«ሀ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያው ነው እኮ» አለ። «ይህን አላዩትም ነበር?»

በሁለት ደቂቃ። ጣቱን ልሶ የመጣ ሰው፣ በሁለት ደቂቃ።

«አላየሁም» አልኩ።

ፈረቃው ጸደቀ። ከዓርብ ጀምሮ። እያንዳንዱ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን።


ዓርብ፣ መጋቢት 6

ቧንቧው ጠዋት አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። እህቴ ልጅቷን አሰናበተቻት። ነጩ መታጠቢያ ላይ ፎጣ ጣለችበት። ለፊቴ መታጠቢያ አንድ ጆግ ውሃ አስቀመጠችልኝ።

«ይኸው ያንተ። እስከ ማክሰኞ።»


ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ዶክተሩ አያናግረኝም። ለድሮው እኔ ይህ በዓል ነበር።

ኮሚቴው እስከ ዝናቡ ትክክለኛ ቁጥር ይፈልጋል። በሩ ጋ ወረድኩ። ሻለቃ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ቆሞ ያወራል። እኔን ሲያዩ ወሬው ቆመ።

«ሻለቃ፣ ወደ ቦታህ ተመለስ።»

«የትኛው ቦታ?»

«ገንዳዎቹ ጋ።»

አሰበበት። በርግጥ አሰበበት፤ አገጩን እያከከ።

«ይቅርታ ያርጉልኝ ጌታዬ። እዚህ ሰው አለ፣ ወሬ አለ። ጥላውም ደግ ነው። እዚያ ምን አለ? ቦታህ በሩ ጋ ነው ያሉትም እርስዎ ነዎት።»

ጥበቃዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«በድዬሃለሁ» አልኩ። እነሱ ፊት።

«አውቃለሁ» አለ። «ነገር ግን ቦታው አይመቸኝም።»

ደረቱ? ተነፍቶ ነበር። ልክ ነው።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ገንዳዎቹ መሃል ተቀመጥኩ፣ አምስተኛ ቀኔ ነው። ምሳዬን እዚያው በላሁ። አንገቴ ተቃጥሏል። ሀ አምስት ነጥብ ሦስት፣ ለ ስድስት ነጥብ አንድ። አሥራ ሦስት ከመቶ። አሥራ ሦስት ብቻ ነው፤ ግን ውሃ ነው።

እስከ ዛሬ ከመስኮት ጀርባ ያላየሁት ብዙ ነው። ሽፋኑ ሙቀት ሲጨምር ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ነፋስ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ሲተወው ተመልሶ ይዘረጋል። የሚጸየፈው ጫፍ ብቻውን ሽፋን አይሆንም። የሚወደው ባይነከር ኖሮ ነፋስ ይወስደው ነበር። ይህን ለዶክተሩ አልነግረውም። ጫማው አሁንም ያበራል፤ እኔም አሁንም እኔው ነኝ።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ሁለት ጀሪካን ይዛ ቆመች።

«ጋሽ ዘበኛ፣ እባክዎ፣ የላይኛው ሰፈር ተራ ነገ ነው ከነገ ወዲያ?»

ዘበኛ። አፌ ድረስ መጣ፦ ማን እንደሆንኩ፣ ስንት ዓመት እንደሠራሁ፣ ምን እንደምለካ…

«ነገ ነው» አልኳት። «ከአንድ ሰዓት እስከ አራት። መጀመሪያ የሚወርደው ይደፈርሳል፤ ትንሽ አፍስሰሽ ቅጂ።»

«ይባረኩ።»

ሄደች። ገንዳ ለ ጠርዝ ላይ አንዲት እርግብ አረፈች። ተነሣሁ።